ኤ400ኤም፦ ሰባት መንግሥታት አዋጥተው የገዙት አውሮፕላን በአንድ ግብር ከፋይ ዐይን

ሰው ስለ አንድ ዕቃ አስተያየት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ጥቂት ጊዜ ተጠቅሞበት፣ ደግነቱንና ጉድለቱን ከለየ በኋላ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍበት ዕቃ ግን ቤት የሚገባ አይደለም፤ ክንፉ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ሜትር ከ40 ሳንቲም ይለካል። ያም ሆኖ ጀርመን አገር ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከደመወዜ ላይ ግብር ሲቆረጥ ኖሯል፤ የጀርመን መንግሥትም ከዚሁ ዓይነት ገንዘብ 53 ኤ400ኤም የጭነት አውሮፕላኖችን አዟል። ስለዚህ ውሉ ላይ ፊርማዬ ባይኖርም ከገዢዎቹ እንደ አንዱ ቆጥሬ ራሴን አስተያየቴን እሰጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንድ ቦታ ላይ ለይቼ ከማነሣው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በ2024 ብቻ ለመከላከያ ያወጡት ገንዘብ 343 ቢሊዮን ዩሮ ደርሷል። በመጋቢት 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን እስከ 800 ቢሊዮን ዩሮ ያንቀሳቅሳል ያለውን ዕቅድ አቅርቧል፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የኔቶ መሪዎች ዘ ሄግ ላይ ተሰብስበው እስከ 2035 ድረስ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው 5 በመቶ ለመከላከያና ለተያያዥ የጸጥታ ሥራ እንዲውል ተስማምተዋል። ከረጢቱ እንዲህ ሲሰፋ ግብር ከፋዩ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ፣ እነዚህ መንግሥታት ከዚህ በፊት ተባብረው የገዙት ነገር እንዴት ሆነላቸው የሚለው ነው። ኤ400ኤም ለዚህ ጥያቄ የሚመች ዕቃ ነው፤ ተጀምሮ የተፈጸመ፣ የሚታይና የሚዳሰስ፣ ሒሳቡም በአደባባይ የተወራ።

አውሮፕላኑን በቅርብ ያየሁት አንድ የአየር ኃይል ሰፈር ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቀን ነበር። አብረውኝ የሄዱት በዕድሜ የሚበልጡኝ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከሩቅ ሲታይ ወፍራም አሣ መስሎ የተኛው ይህ አውሮፕላን ከጎኑ ሲቆሙ መጀመሪያ ዐይን የሚስበው ሞተሩ ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስምንት ስምንት ምላስ ያለው ፕሮፔለር አለ፤ ምላሶቹ እንደ ጎራዴ የጎበጡ ሲሆኑ የፕሮፔለሩ ስፋት ከ5 ሜትር ይበልጣል። ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ደግሞ በአንድ ክንፍ ላይ ያሉት ሁለት ፕሮፔለሮች ምላሶቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደተጣመሙ ያስተውላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ እንዲዞር ሆነው ነው የተሠሩት። ይህም በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር በሁለቱም ጎን ተመጣጣኝ እንዲሆን ያደርጋል።

ከኋላ በኩል ራምፑ፣ ማለትም ጭነት የሚገባበት ተዳፋት መወጣጫው፣ ተዘርግቶ ስለነበር ወደ ውስጥ ገባን። የጭነት ክፍሉ ራምፑን ሳይጨምር 17 ሜትር ከ70 ገደማ ይረዝማል፣ 4 ሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱም ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ውስጡ ቆሞ ላየ ሰው ግን አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና ተነድቶ ገብቶ በግራና በቀኙ ሰው ማለፍ የሚችልበት አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ ጭነት የሚንሸራተትባቸው ሮለሮች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ሰንሰለት የሚታሰርባቸው ቀለበቶች አሉ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንዱን ሮለር በእጃቸው አዞሩትና ዝም አሉ። ቆይተው በ77ቱ ድርቅ ጊዜ በወጣትነታቸው የእርዳታ እህል ሲጭኑ ከነበሩት አንዱ እንደነበሩ፣ የጀርመኖቹ አውሮፕላን ወለልም እንዲሁ በሮለር የተሞላ እንደነበር ነገሩኝ።

ያ አውሮፕላን ትራንዛል ይባላል፤ ለዚህኛው አባቱ ነው ቢባል አይበዛበትም። በ1977 ዓመተ ምሕረት፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች መኪና ወደማይደርስበት የአገራችን ደጋ እህል ሲያመላልሱና ዝቅ ብለው በርረው ከአየር ሲጥሉ ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ትራንዛል የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳይና ጀርመን በ1959 ለማጓጓዣ አውሮፕላን ከፈጠሩት ጥምረት ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ1963 ሲሆን ጀርመን አገልግሎቱን ያቋረጠችው በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት አገሮች፣ አንድ ሥራ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ አገልግሎት። የምንመዝነው ልጅ ከዚህ አባት የተሻለ መሆን ይጠበቅበታል ማለት ነው።

በሥራው ከተመዘነ የተሻለ ነው፤ ይህን ሳላመነታ እጽፋለሁ። ትራንዛል 16 ቶን ይጭን ነበር፤ ኤ400ኤም 37 ቶን ይጭናል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ 3,300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ጭነቱ ወደ 20 ቶን ሲቀነስ ርቀቱ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። የአሜሪካው ሲ-130ጄ የሚሸከመው የዚህን ግማሽ ያህል ሲሆን ሲ-17 ደግሞ 77 ቶን ይሸከማል፤ ሆኖም ሲ-17 ከእንግዲህ አይመረትም። ኤ400ኤም በሁለቱ መካከል ባዶ የነበረውን ቦታ ሞልቷል። አራቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 11,000 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ከጄት ብዙ አይርቅም። ትልቁ ጥቅሙ ግን አስፋልት በሌለው የአፈርና የጠጠር ሜዳ ላይ ማረፍ መቻሉ ነው። ነዳጅ ጭኖ ሌላ አውሮፕላን በአየር ላይ ሊቀዳም ይችላል።

በነሐሴ 2021 ካቡል በወደቀች ማግስት ሌሊት የመጀመሪያው የጀርመን ኤ400ኤም ከ100 በላይ ሰው መጫን እየቻለ ሰባት ሰዎች ብቻ ይዞ ተነሥቷል፤ ይህ ግን የአየር ማረፊያው ትርምስ እንጂ የአውሮፕላኑ ጥፋት አልነበረም። በቀጠሉት ቀናት ከ5,000 በላይ ሰዎች ወጥተዋል። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ከከተማዋ አጠገብ ካለው፣ «ዋዲ ሰይድና» ከሚባለው የጦር ሰፈር ሰዎችን አንሥቶ ወደ ዮርዳኖስ የወሰደው ይኸው አውሮፕላን ነው። ዘመድ ወዳጁ ካርቱም የነበረበት ኢትዮጵያዊ እነዚያን ቀናት አይረሳቸውም። በነሐሴ 2025 ደግሞ ጋዛ ላይ እርዳታ በፓራሹት ጥሏል። ጋሼም የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ከአየር እህል መጣል ይችላል ወይ? ያስረዳን የነበረው ወታደር ፈገግ ብሎ የራምፑን ጫፍ አሳያቸው።

እንግዲህ ወደ ዋጋው ልምጣ፤ የዚህ ዕቃ ችግር ያለው አውሮፕላኑ ላይ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ነው።

ሐሳቡ የተጸነሰው በ1982 ነበር። ከብዙ ድርድር በኋላ በግንቦት 27 ቀን 2003 ሰባት መንግሥታት በጋራ የግዢ ድርጅታቸው በኦካር በኩል ለ180 አውሮፕላኖች 20 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የሚያወጣ ውል ፈረሙ። ጀርመን 60፣ ፈረንሳይ 50፣ ስፔን 27፣ እንግሊዝ 25፣ ቱርክ 10፣ ቤልጂየም 7፣ ሉክሰምበርግ 1። ጣሊያንና ፖርቱጋል ቀደም ብለው ወጥተዋል። ዋጋው የተቆረጠ ነበር፤ ማለትም ኪሳራ ቢመጣ የሻጩ፣ የኤርባስ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን በ2009 ይደርሳል ተባለ። በ2009 የሆነው ግን አውሮፕላኑ ታኅሣሥ 11 ቀን ሴቪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት መነሣቱ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ፈረንሳይ የተረከበችው በነሐሴ 2013፣ ጀርመን ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ነው።

መዘግየቱን የቴክኒክ ዕንቅፋት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ለሞተሩ በወጣው ውድድር ከካናዳ የቀረበ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ አማራጭ ነበር። መንግሥታቱ ግን ሞተሩ በአውሮፓ እጅ መሠራት አለበት ብለው ስለወሰኑ ሥራው ለአራት ኩባንያዎች ጥምረት ተሰጠ፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የስፔን ድርሻ እንዲኖርበት ተደርጎ። በዚያ ላይ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሲቪል አቪዬሽን ማረጋገጫ እንዲያገኝ ስለተፈለገ ፈቃዱ ብቻውን ዓመታት በላ። የአውሮፕላኑ አካልም በዚሁ ስሌት ተከፋፈለ፤ ክንፉ እንግሊዝ አገር ፊልተን ላይ፣ የአካሉ ትልቁ ክፍል ጀርመን ብሬመን ላይ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅራት ሽታደ ላይ፣ አፍንጫው ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራል፤ ቱርክና ቤልጂየምም የየራሳቸውን ክፍል ይሠራሉ፤ ሁሉም ተጭኖ ሄዶ ሴቪያ ላይ ይገጣጠማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ ግን ድሩ ከመፈተሉ በፊት ጥጡ ከማን ማሳ ስንት ነጠላ ይምጣ የሚለው ክርክር ነው ጊዜውን የፈጀው።

ሠርግ ቤት የዋለ ሰው ይህን ይረዳዋል። ጎረቤት ሁሉ ሊያግዝ ይመጣል፤ ሽንኩርት የሚልጠው ይልጣል፣ እንጀራ የሚጋግረው ይጋግራል፤ ወጡን ግን አንዲት ባለሙያ ሴት ትይዘዋለች፣ ማንም ጨውና በርበሬ አይጨምርባትም። ኤ400ኤም ላይ ሰባቱም ድስቱ አጠገብ ቆሙ። አንዱ ነዳጅ ለሄሊኮፕተር ይቅዳልኝ አለ፣ ሌላው በመሬት ተጠግቶ በጨለማ ይብረርልኝ አለ፣ ሌላው በሁለቱም የጎን በሮች ፓራሹተኞች በአንድ ጊዜ ይዝለሉልኝ አለ። ጥያቄዎቹ እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንድ ላይ ሲደራረቡ ግን አውሮፕላኑ ከመብረሩ በፊት ከበደ። በእርግጥም ሄሊኮፕተር የመቅዳቱና ከሁለት በር የማዝለሉ ነገር፣ ከፕሮፔለሮቹ በሚነሣው የአየር ሁከት ምክንያት፣ ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ ቆይቷል።

ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ደግሞ የተቆረጠው ዋጋ መቆረጡን አጣ። በ2010 ሻጩ ሥራውን ሊያቋርጥ እንደሚችል ሲያስጠነቅቅ መንግሥታቱ 2 ቢሊዮን ዩሮ ጨመሩ፤ ሌላ 1.5 ቢሊዮን ደግሞ ወደፊት ለውጭ ከሚሸጠው ላይ የሚመለስ ሆኖ ተሰጠ። በምላሹ ያገኙት ብዙ ሳይሆን ያነሰ አውሮፕላን ነው፤ ጀርመን 7፣ እንግሊዝ 3 ቀንሰው ጠቅላላው ትእዛዝ 170 ሆነ። ሻጩም አልዳነም፤ በ2016 በዚህ ምርት ብቻ 2.2 ቢሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 1.3 ቢሊዮን ዩሮ ኪሳራ መዝግቧል። ስምንት አዝዛ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ በ2009 መጨረሻ ውሏን ሰርዛ ወጣች። ገዢው ያለቅሳል፣ ሻጩ ያለቅሳል፤ እንዲህ ያለ ገበያ ብዙ አይገኝም።

ከገንዘብ የከበደ ዋጋም ተከፍሏል። በግንቦት 9 ቀን 2015 ለቱርክ ሊሰጥ የተዘጋጀ አውሮፕላን ለሙከራ ከሴቪያ እንደተነሣ ወድቆ ከተሳፈሩት ስድስት ሰዎች አራቱ ሞተዋል። የምርመራው ውጤት እንዳሳየው ሶፍትዌሩ ሲጫን የሦስት ሞተሮች የመለኪያ መረጃ ተሰርዞ ነበር፤ ሞተሮቹም ከተነሡ በኋላ ለአብራሪዎቹ ትእዛዝ መመለስ አልቻሉም። በቀጣዩ ዓመት የፕሮፔለሩ ጥርስ ሳጥን ችግር ብዙ አውሮፕላኖችን ለተደጋጋሚ ፍተሻ ዳረገ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ይህ ሳጥን የተሠራው ከግዢው ራሷን ባገለለችው በጣሊያን መሆኑ ነው።

የደረሰኙ ሌላው ገጽ በአውሮፕላኑ ዋጋ ውስጥ አይታይም። ዕቃው እስኪደርስ ጭነቱ አልጠበቀም፤ ስለዚህ የኔቶና የኅብረቱ አገሮች ከ2006 ጀምሮ ላይፕዚግ ላይ የሚቆሙ አንቶኖቭ አውሮፕላኖችን ተከራዩ። ፈረንሳይና ጀርመን ደግሞ ኤ400ኤም ሊያርፍባቸው ለማይችል አጫጭር ሜዳዎችና ለልዩ ሥራዎች የአሜሪካውን ሲ-130ጄ ገዝተው ኤቭሩ ላይ የጋራ የአየር ጓድ አቋቋሙ፤ ስድስቱ የጀርመን፣ አራቱ የፈረንሳይ ናቸው። እኔ እንደ ግብር ከፋይ የምቆጥረው ይህን ሁሉ ደምሬ ነው።

እስካሁን ወቀሳ አብዝቻለሁ፤ አሁን የማመሰግነውን ልንገር። መንግሥታቱ በግዢው ያልተሳካላቸው አብሮ መሥራት በአጠቃቀሙ ተሳክቶላቸዋል። ሆላንድ አይንድሆቨን ላይ በ2010 የተመሠረተ የአውሮፓ አየር ማጓጓዣ ዕዝ አለ፤ ዛሬ ሰባት አገሮች አውሮፕላኖቻቸውን በዚያ በኩል ያሰማራሉ። የቤልጂየም ጭነት በጀርመን አውሮፕላን፣ የስፔን ወታደር በፈረንሳይ አውሮፕላን ይሄዳል። ሒሳቡን ሲያወራርዱ ገንዘብ አይሰጣጡም፤ የአንድ ሲ-130 የበረራ ሰዓት እንደ መለኪያ ተወስዶ፣ ዛሬ ያበረርኩልህን ነገ ታበርልኛለህ ይባባላሉ። ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የሚያስበው ወንፈልን ነው፤ በሬና ጉልበት ይዞ ጎረቤት ማሳ ላይ የዋለ ሰው ቀኑን በቀን ያስመልሳል እንጂ ደመወዝ አይጠይቅም። የሉክሰምበርግም ነገር የሚያስቀና ነው። አንዲት አውሮፕላን ብቻ ስላላት ብቻዋን አታስተዳድራትም፤ በ2020 ተረክባ ብራስልስ አጠገብ ሜልስብሩክ ላይ ከቤልጂየም ሰባት አውሮፕላኖች ጋር ቀላቀለቻት። አብራሪው፣ ጥገናው፣ መለዋወጫው የጋራ ነው። በዚህ ዓለም ካየኋቸው ወታደራዊ አገልግሎቶች መካከል ለገንዘቡ ሙሉ ዋጋ የሚሰጥ ይህ ይመስለኛል።

ሌሎች ገዢዎች ከዚህ ታሪክ የተማሩም አሉ። ሆላንድና ኦስትሪያ በ2024 ከብራዚል ዘጠኝ ሲ-390 አውሮፕላኖችን በአንድ ውል አዘዙ፤ አምስቱ የሆላንድ፣ አራቱ የኦስትሪያ። ፖርቱጋልና ሃንጋሪ ቀድመዋቸው ነበር። የሚሸከመው 26 ቶን ነው፤ ከኤ400ኤም ያንሳል። ነገር ግን ሁለቱ አገሮች ያዘዙት አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም ለራሴ ለየት ያለ ይሠራልኝ አላለም። የአውሮፓን የመከላከያ ኢንዱስትሪ እናጠናክር የሚሉ ሰዎች በዚህ ግዢ ቢከፉ አልፈርድባቸውም፤ ገንዘቡ የሄደው ወደ ደቡብ አሜሪካ ነው። ገዢ ግን ገዢ ነው፤ ዕቃው በሰዓቱ እንዲደርስለት ይፈልጋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለማረም ያሰበው በገንዘብ ጉልበት ነው። ሴፍ የተባለው የ150 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ማዕቀፍ የጸደቀው በግንቦት 27 ቀን 2025 ነው፤ የኤ400ኤም ውል በተፈረመ በ22ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። የአየር ማጓጓዣም ብድሩ ከሚፈቅዳቸው የግዢ ዓይነቶች አንዱ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አገሮች በጋራ ሲገዙ ረጅም ጊዜና ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ያገኛሉ፣ ከዕቃው ዋጋ ቢያንስ 65 በመቶው ደግሞ ከኅብረቱ፣ ከተጓዳኝ የአውሮፓ አገሮች ወይም ከዩክሬን የመጣ መሆን አለበት። ከተደለደለው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ፣ ወደ 44 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋውን፣ የወሰደችው ፖላንድ ናት። ሆኖም መለኪያው ሥራ ላይ ሲውል የኤ400ኤም ክንፍ የሚሠራው ከኅብረቱ በወጣችው እንግሊዝ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እንግሊዝ ወደ ሴፍ ለመግባት የጀመረችው ድርድር በመግቢያው ክፍያ ሳይስማሙ በኅዳር 2025 ፈርሷል። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ስፔን ሊሠሩት ያቀዱት የወደፊቱ ተዋጊ ጄት ደግሞ ገና በሥዕል ላይ እያለ ማን ይምራ፣ ማን ስንት ድርሻ ይውሰድ በሚል ንትርክ ተይዟል። ሠርግ ቤቱን ያስታውሳል።

ለአውሮፕላኑ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የነሣሁት ከሁለት በር ማዝለሉና ሄሊኮፕተር መቅዳቱ ቃል በተገባበት ጊዜ ስላልተገኘ ነው። ለአይንድሆቨኑ ዕዝና ለሜልስብሩኩ ጥምረት አምስት። ለግዢው አሠራር ሁለት፤ ሁለተኛዋንም የሰጠሁት ውሉ ከነጭራሹ ባለመፍረሱ ነው። አንድ ወይም ሁለት አውሮፕላን ብቻ የሚያስፈልገው አገር ካለ የሉክሰምበርግን መንገድ ቢከተል እመክራለሁ፤ የራሱ የሆነ ለየት ያለ ሞዴል ለማሠራት የሚያስብ ግን ሌላ ዕቃ ቢፈልግ ይሻለዋል። የኤ400ኤም ገዢዎች ከፊርማ እስከ መጀመሪያው ርክክብ አሥር ዓመት ከሁለት ወር ጠብቀዋል፤ የሴፍ ብድር ለአገሮቹ ተሰጥቶ የሚያልቀው ግን በታኅሣሥ 31 ቀን 2030 ሲሆን፣ ይህም ብድሩ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ነው።